ለዝዋይ ሲጋሎች ባይኖኩላር ይሻላል ወይስ ቴሌስኮፕ?

በክረምታቸው ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱትን ሲጋል የሚባሉ የውኃ ወፎች ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ያላቸውን ገንዘብ በባይኖኩላር ላይ ያውሉት ወይስ በቴሌስኮፕ እንደሆነ ነው። መልሴ ስምንት ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ግዙ የሚል ነው፤ ቴሌስኮፑ ይቆያል።

ምክንያቱ ከወፎቹ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ (ዝዋይ)፣ በጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ግራጫ ራስ ሲጋል ነዋሪ ነው፤ በበጋ ደግሞ እንግዳው ጥቁር ራስ ሲጋል ይቀላቀለዋል። ሁለቱም የራስ ቀለማቸውን በሚያጡበት ወቅት እጅግ ስለሚመሳሰሉ የሚለያቸው ዓይናቸው ነው፤ የአዋቂው ግራጫ ራስ ዓይን ፈዛዛ ሲሆን የሌላው ጥቁር ነው። አልፎ አልፎ የሚታየው የፓላስ ሲጋል ግን ከሁለቱም እጅግ የገዘፈ ሲሆን፣ በቢጫ መንቁሩ ጫፍ አጠገብ ባለው ጥቁር መታጠቂያ ይታወቃል። ትልልቆቹ ሲጋሎች የአዋቂ ላባ ለመልበስ አራት ዓመት ያህል ስለሚፈጅባቸው፣ ገና ያልጎለመሱትን ቡናማ ዝንጉርጉር ወጣቶቻቸውን መለየት በመንቁር ቅርጽና በእግር ቀለም ላይ የተመሠረተ አድካሚ ሥራ ነው። ስለዚህ የምትገዙት እውነተኛ ቀለምን ነው፤ ማጉላቱን ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት የዓሣ ትርፍራፊ ወፎቹን ወደ ዳር በመሳብ ይሠራላችኋል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብሩ ስለሚለዋወጥ በዶላር አስላለሁ። ደህና የሚባል ባለ 42 ሚሊ ሜትር ባይኖኩላር 150 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሰው ግን 30 እና 40 ዶላር ወደሚጠየቅበት፣ «70 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ወደተለጠፈበት ኮፒ ይሳባል። ይህን ሦስት ጊዜ ቢገዙና ቢጥሉ ከደህናው ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ሦስቱም ግን አያሳዩም። የፊት ሌንሱ እንደ ቀይ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ከሆነ አትግዙት፤ ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉን ወደ አረንጓዴ ያዘነብለዋል፣ በጥቁር ጀርባው ሲጋል መንቁር ላይ ያለችው ቀይ ነጥብም ትደበዝዛለች።

ሻጩ ፊት የሚሠራ ፈተና አለ። መሣሪያውን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙራችሁ ከዓይናችሁ ስታርቁት በዓይን ማያው ውስጥ የብርሃን ክብ ይታያል። 42 ለ8 ሲካፈል ክቡ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ በማስመሪያ ስትለኩት ሁለት ከሆነ በአካሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ነው። የክቡ ጠርዝ ተቆርጦ ወደ አራት ማዕዘን ካደላም ፕሪዝሙ፣ ማለትም በውስጡ ብርሃኑን የሚያጥፈው ክፍል፣ ከርካሽ መስተዋት የተሠራ ነው።

ቴሌስኮፑ በእርግጥ ሩቅ ያለውን መንቁር ያሳያል፤ ዋጋው ግን ከመለያው ላይ አያልቅም። ደህና የሚባለው 400 ዶላር አካባቢ የሚጠየቅበት ሲሆን፣ የማይንቀጠቀጥ ባለሦስት እግር መቆሚያ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጨምርበታል። በርካሽ መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ጥሩ ቴሌስኮፕ በሐይቅ ዳር ነፋስ ይርገበገባል፤ በጀልባ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠራም። ፀሐይ ከፍ ስትል ከውኃው የሚነሣው የሙቀት መርገብገብ ከፍተኛውን ማጉላት ከንቱ ያደርገዋል። ለመግዛት የቆረጠ ካለ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ተዋጥቶ ቢገዛ፣ ጠዋት ማለዳም ቢጠቀምበት እመክራለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ጥገናም አስቡ። ባይኖኩላር ሲወድቅ ፕሪዝሞቹ ከመስመራቸው ይወጣሉ፤ ሁለቱ ዓይኖች ሁለት ምስል ስለሚያዩም ራስ ምታት ይከተላል። መልሶ ማስተካከል የተለየ መለኪያ ስለሚፈልግ፣ በካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ተከፍቶ የተመለሰ ባይኖኩላር ብዙ ጊዜ ከቀድሞው የባሰ ነው፤ አንድ ወዳጄ እንዲህ ያስከፈተው መሣሪያ አሁን ውስጡ አቧራ ሞልቶታል። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ሩቅ ባለ ምሰሶ ላይ አነጣጥራችሁ ጠርዙ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ባይኖኩላር አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝ ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት የሚያስፈልገውን ፈቃድ አጣሩለት።