ባሕር ዳር ላይ የሞተር ሳይክል ነጂ የጀርባ መደገፊያ ያሠራንባቸው ቤቶች

ለዕረፍት ባሕር ዳር ከርሜ ዴንቨር ተመልሻለሁ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጀልባው የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስማቸው ስለማይነሳ ባለሙያዎች ነው። ስለ በያጁ፣ ብረት እያሽከረከረ ስለሚቀርጸው ቶርኖ ቤትና ስለ ወንበር ሰፊው። አገር ቤት ትልቅ ሞተር ሳይክል ላላችሁ፣ ወይም ለዘመድ ዕቃ ይዛችሁ ለምትገቡ ይጠቅማል።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው እዚያው ባሕር ዳር ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ የሸጠለት የቆየ ቢ ኤም ደብሊው ቱሪንግ (ለረጅም መንገድ የተሠራ) ሞተር አለው። በእሱ ጎንደር ድረስ ይመላለሳል። መንገዱ ለአንድ ጉዞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ያልቻለው ወገቡ ነው። በስልክ በተገናኘን ቁጥር የሚያነሳው ይህንኑ ሆነ። እኔ ዴንቨር ላይ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ስለምነዳ ሕመሙን አውቀዋለሁ። የነጂ መደገፊያ ካስገጠምኩ ወዲህ ነው ረጅም መንገድ ያለ ማስታገሻ መንዳት የቻልኩት።

እናም መደገፊያ ይዤለት ገባሁ። የያዝኩት ትራሱን፣ ቋሚውንና ማጠፊያውን ብቻ ነው። ከሥር የሚታሰረው ብረት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። አሜሪካ በቀላሉ የሚገኘው ለእሱ ሞተር አይሆንም። ደግሞ ይከብዳል። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ለእናቴ የያዝኩትም ቀላል አልነበረም።

እኔ ዘመድ ጥየቃ ላይ ሳለሁ ወንድሜ ዕቃውን ይዞ አንድ ጋራዥ ሄደ። ስሙን አልጠራም። ቶሎ ጨረሱለት፤ መደገፊያውን ከወንበሩ ሥር በአጫጭር ብሎኖች አሰሩት። ችግሩ የወንበሩ ሥር ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ፕላስቲክ የተቀመጠ ሰው ሲጫነው ይችላል። ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍበት ግን መደገፊያው ብሎኖቹን ከሥር ይነቅላል። ወደ ዘጌ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ተሰነጠቀ። ስንመለስ «መንገዱ ነው» አሉን። ገንዘቡም አልተመለሰም። መደገፊያ የሚታሰረው ፍሬሙ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና የብረት አጽም ላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ልሰርልህ የሚላችሁ ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ቤት አባይ ማዶ ነው። በቆርቆሮ የተከለለች ትንሽ የብየዳ ቤት ናት። ባለቤቱ ወጣት ነው። ገና ሲጀምር ልቤን አሳረፈው። ወንበሩን ፈትቶ አነሳና ከሥሩ ያለውን ዝም ብሎ አየ። ባትሪው የት እንዳለ፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ፍሬሙ ላይ የትኛው ብሎን ሸክም እንደሚችል። ከዚያ ካርቶን ቀደደ። እየከተተ፣ እያወጣ፣ በመቀስ እየከረከመ ልኩን አገኘ። ብረት የነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሥር ለሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ተጠቀመ። ብየዳውን ሞተሩ ላይ እንዲሠራ አጠገቡ የነበረ ሰው ቢጎተጉተው «ኧረ አይሆንም» አለ። የብየዳ ኤሌክትሪክ በፍሬሙ ከሄደ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ በየደ። ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገባ። ከሁሉ የወደድኩለት ግን የብሎኖቹን ቀዳዳ ክብ አለማድረጉ ነው። ረዘም አድርጎ ቀደዳቸው። ብሎኑን ላላ አድርጎ መደገፊያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንሸራተት ይቻላል። ይህን ማንም አልነገረውም።

ቋሚው ከሚገባበት ቱቦ ጋር ትንሽ ክፍተት ነበረው። በእጅ ሲያዝ ምንም አይመስልም። ሲነዳ ግን እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገብ ላይ ትንኳኳለች። ቡሽ፣ ማለትም ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት፣ እንድናስወጣለት ወደ ቶርኖ ቤት ላከን። የቶርኖ ቤቱ ሥራ ንጹህ ነው። ቀጠሮው ግን አይታመንም። መብራት ጠፋ፣ ባለሙያው ለቅሶ ሄደ፣ ነገ ኑ። የመመለሻ በረራችሁ ከተቃረበ አስቀድማችሁ ስጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መደገፊያ ስለተገጠመ ብቻ ሥራው አያልቅም። በነጂው አካል ልክ መስተካከል አለበት። በያጁ ይህን ያውቃል። ወንድሜን «ጋሼ፣ ሲነዱ የሚለብሱትን ጃኬት ለብሰው ይምጡ» አለው። ልክ ነው። ወፍራም ጃኬት ርቀቱን ይለውጠዋል። ቀጥሎ ወንበሩን በየትኛው ከፍታ ላይ አድርጎ እንደሚነዳ ጠየቀው። የዚያ ሞተር የነጂ ወንበር ከፍና ዝቅ ይላል። ወንበሩ ከፍ ካለ መደገፊያው በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያገኛችኋል።

ከዚያ ሞተሩን በትልቁ ማቆሚያ አቆመው። ወንድሜ ተቀመጠ፤ እግሩን መርገጫው ላይ፣ እጁን መሪው ላይ አደረገ። ክርኑ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ክንዱ ከተወጠረ መደገፊያው በጣም ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ነጂው ወደ ነዳጅ ጋኑ ከተገፋ ደግሞ በጣም ቀርቧል። ያኔ ክብደቱ መዳፉ ላይ ያርፍና እጁ ይደነዝዛል። ትራሱ ማረፍ ያለበት ወገብ ላይ፣ ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ ነው። ትከሻ ጋ ከደረሰ ዞር ብሎ ማየት ያስቸግራል። ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ለስለስ ብሎ ይነካል፤ ሰውነት ሲላላ ይቀበላል።

በያጁ እጁን በወንድሜ ወገብና በትራሱ መካከል እየሰደደ በጣት ስፋት ያንቀሳቅሰው ነበር። አልቸኮለም። ባጃጅ ሊያሠራ የመጣውን ሰው ሳይቀር አስጠበቀው።

የሙከራ መንገዳችን በሐሙሲት አድርጎ ወደ ወረታ ነበር። የፎገራ ሜዳ ለዚህ ተስማሚ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ሰውነት አይንቀሳቀስም፤ ወገብ የሚደክመው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ወንድሜ ወረታ ላይ ሲወርድ እንደ ወትሮው ወገቡን አልያዘም። ስናድር ግን ወደ ዘጌም ሞከርነው። ኮረኮንች ላይ መርገጫው ላይ መቆም ስላለ ትራሱ ጃኬት እንዳይዝ ማየት ያስፈልጋል። አልያዘም። መደገፊያው ወደ ፊት ስለሚታጠፍ ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም በቀላሉ ይወጣል።

ወንበር ሰፊው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ከአሜሪካ ያመጣሁትን ትራስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ የሚጥመው ሱቅ ውስጥ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ረጅም መንገድ ላይ ግን ይሰምጣል፤ ጀርባ ብረቱን ያገኘዋል። እሳቸው ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ቀጭን ለስላሳ ደረቡበት። ስፌቱን ጀርባ ከሚያርፍበት መሐል አንስተው ወደ ጎን ወሰዱት። የክረምቱን ዝናብ አስበው ስፌቱን ከውስጥ በማስቲሽ ዘጉት። ዋጋውን ያልጻፍኩት በየጊዜው ስለሚቀያየር ነው። የከፈልነው ግን ለዚያ ጥንቃቄ አንሷል ብዬ አምናለሁ፤ ጨምሬ ሰጥቻለሁ።

ስለ ሌላው አጭር ልበል። ወደ ዘጌ ገዳማት ቤተሰቡን በጀልባ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ነበር። የሕይወት አድን ጃኬት ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ጠይቁ። ሞተር ማሳጠብ ከፈለጋችሁ ደግሞ እባካችሁ ሐይቁ ዳር አታሳጥቡ። ዘይቱ ጣና ውስጥ ነው የሚገባው። ከተማ ውስጥ ስታሳጥቡም ትራሱን ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ የግፊት ውኃ ስፌቱን ያልፋል።

የመጨረሻዋን ማስተካከያ ያገኘችው የወንድሜ ሚስት ናት። ከኋላ ስትቀመጥ የመደገፊያው ቋሚ ጫፍ ጉልበቷን ይነካት ነበር። «ለእሱ ወገብ ብላችሁ የእኔን ጉልበት ልትሰብሩት ነው?» አለችን። ወደ በያጁ መለስነው። ጫፉን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ በጎማ ሸፈነው። ገንዘብ አልተቀበለንም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹን በነጻ እንደሚያጠብቅለት ለወንድሜ ነግሮት ነበር። ባለፈው ሳምንት ስደውል ሄዶ አስጠብቋል።