ለደጋ ልጅ የሚሆን የጠላቂ ኮምፒውተር የቱ ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ባና ደርቦ ስለ ባሕር ጥልቀት ማውራት ያስቃል። ግን ጅቡቲ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለ። «ከአየሩ ሌላ ሁለተኛ ጋዝ ይዤ መጥለቅ ልጀምር ነው። የትኛውን ኮምፒውተር ልግዛ?» አለኝ። እኔም ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጥቂት ዓመት ጠልቄያለሁ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ።

እጅ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ጥልቀቱንና ሰዓቱን ይለካል፤ ታች ሳላችሁ ሰውነታችሁ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልጋችሁም ያሰላል። የምትስቡትን ጋዝ ግን አያውቅም፤ የነገራችሁትን ያምናል። አፋችሁ ላይ ያለው ተራ አየር ሆኖ «50 በመቶ ኦክስጅን ነው» ካላችሁት፣ ናይትሮጅኑ ቶሎ እየወጣ ነው ብሎ ያሰላል። ከጊዜው በፊት «ውጡ» ይላችኋል። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። 50 በመቶውን 40 ሜትር ላይ ከሳባችሁት ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ይሆናል፤ እዚያው ውኃ ውስጥ ሊያንፈራግጣችሁ ይችላል። የ50 በመቶው ድንበር 21 ሜትር ገደማ ነው። የንጹሕ ኦክስጅን 6 ሜትር ነው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ሌላ ነው። ካለፈው ጉዞ 50 በመቶው ኮምፒውተሬ የጋዝ ዝርዝር ላይ ቀርቶ ነበር። የዚያን ቀን የያዝኩት አየር ብቻ ነው። ታች ሆኜ ሳይ «ለመውጣት 11 ደቂቃ» ይላል። የጓደኛዬ 19 ይላል። «የእሱ ተበላሽቷል» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። 21 ሜትር ስደርስ «ጋዝ ቀይር» አለኝ። ምኑን ልቀይር? ለካ ሲያሰላ የነበረው በሌለኝ ጋዝ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ገብቼ ሳጠፋው ደቂቃው ሽቅብ ዘለለ። ደግነቱ አየር ተርፎኝ ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ጋዝ ይይዛል?» ከማለታችሁ በፊት «ውኃ ውስጥ ሆኜ አንዱን ጋዝ እንዴት አጠፋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት።

ሱንቶ ዞፕ ኖቮ ከማነሳላችሁ አራት ኮምፒውተሮች ርካሹ ነው። አየርና እስከ 50 በመቶ ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ የበዛ አየር) ይቀበላል፤ ግን አንዴ ስትጠልቁ አንድ ጋዝ ብቻ። ለጀማሪ ይበቃል፤ ለአጎቴ ልጅ ግን አይሆንም። ከፍታውንም ራሳችሁ ካልሞላችሁለት አያውቅም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ልግባ የሚል ካለ ይህን እንዳይረሳ።

ሺርዎተር ፔሬግሪን ሦስት ጋዝ ይይዛል፤ ሁሉም ናይትሮክስ። ሂሊየም አያውቅም። ስክሪኑ ደማቅ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ጋዝ ማብራትና ማጥፋቱ ለእጅ ይቀላል። የላይኛውን የአየር ግፊት ራሱ ይለካል። እንከኑ ባትሪው ነው። በቻርጅ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግርም።

ፔርዲክስ 2 ከዚያው ቤት ነው፤ ዋጋው ግን እጥፍ ገደማ። አምስት ጋዝ ይይዛል፤ ትራይሚክስም (ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ) ይቀበላል። ሂሊየም የሚፈለገው ወደ 50 እና 60 ሜትር ስትወርዱ ነው፤ እዚያ ናይትሮጅኑ እንደ ደብረ ብርሃን አረቄ ራስ ላይ ይወጣል። እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተራ የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ፒያሳ ከየትኛውም ሱቅ ገዝታችሁ ትከቱበታላችሁ።

ሱንቶ ኢኦን ኮር እስከ አሥር ጋዝ ይይዛል፤ እሱም ትራይሚክስ ይችላል፤ እሱም በቻርጅ ነው። አሥር ጋዝ የሚሸከም ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሁን የደጋ ሰው ብቻ የሚያስጨንቀውን ላንሳ። ጠልቆ የወጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይቀራል። ቶሎ ከፍታ ከወጣ፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ፣ ልክ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። አንዳንዱ ኮምፒውተር «አትብረር» የሚል ምልክት ያሳያል፤ ስሌቱ ለአውሮፕላን ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያልፋል። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ሰውየው በመኪና በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ ዞሮ ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ሲወጣ፣ ከተሳፋሪ አውሮፕላን በላይ እየወጣ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ «ተፈቀደልኝ» ብሎ የሚነሳ ሰው ተሳስቷል። ለበረራ እንኳ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ዲኮ (ሲወጣ መንገድ ላይ እየቆመ የመጠበቅ ግዴታ) ለነበረበት ደግሞ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ ጊዜ መቆየት ነው የሚመከረው።

የአጎቴ ልጅ ፔሬግሪኑን ሊገዛ ነው። ከ45 ሜትር በታች የመውረድ ሐሳብ የለውም፤ ሂሊየሙም ኪሱን አይፈቅድለትም። ለፋሲካ ሲመጣ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጅቡቲ ደረቅ ላይ እንዲያድር አስምዬዋለሁ። ሙቀቱን ምን አድርጌ ልቻለው ሲል ግን አላዘንኩለትም።