«አይሆንም» ለሚለው ልጃችን ምስጋና፣ ጅቡቲ ሄዶ ባህር ስር መግባት ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ ሰላም የጎጃም ልጆች በያላችሁበት። ከጅቡቲ ከተመለስን ጀምሮ ይሄን ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ስራ ሲያዘገየኝ ነበር፣ ትናንት ማታ ባለቤቴ «ልጁን ሳታመሰግነው ልትቀር ነው እንዴ» ስትለኝ አፈርኩና ቁጭ አልኩ።

እኔ ጣና ዳር ነው ያደግኩት። ልጅ ሆነን ታንኳ ላይ ተቀምጠን ከስር ምን ይሆን ያለው እያልን ስንከራከር ነበር የምንውለው፣ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ግን ወደ ታች ምንም አያሳይም። ዳይቪንግ ሚባለውን፣ ሲሊንደር ጀርባ ላይ አዝሎ ባህር ስር የሚገባውን ነገር በቪዲዮ ካየሁ በኋላ ልቤ እዛው ቀረ። ለኛ ቅርቡ ደግሞ ጅቡቲ ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት ታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፣ ከወደቡ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁ ነው፣ ዝቅ ያሉ የኮራል (ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚሰሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ደሴቶች ናቸው፣ ጠዋት በጀልባ ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል።

መጀመሪያ ስሙን የማልጠራው አንድ አስጎብኚ ጋር ተነጋግረን ነበር። የጠየቅነውን ሁሉ «ችግር የለም» ነው መልሱ። በነሐሴ እንሂድ? ችግር የለም። ዋና ብዙም አንችልም? ችግር የለም። ብቻ ቀብዱን ቶሎ ላኩ። ላክን፣ ከዛ ስልክ ማንሳት ተወ፣ በስንት ልመና ግማሹን መለሰልን። ባለቤቴ ነገሩን ተወው ብላኝ ነበር።

ከዛ ነው አንድ ዘመዴ የዚህን ልጅ ቁጥር የሰጠኝ። የዘጌ ልጅ ነው፣ ድሮ ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሰራ ነበር፣ አሁን ጅቡቲ የዳይቪንግ ጀልባ ላይ ነው፣ ተምሮ ዳይቭማስተር፣ ማለትም ባህር ስር የሚገቡትን የሚመራ ባለሙያ ሆኗል፣ ከሀገር ቤት ለሚመጣ ሰው ደግሞ ጉዞውን ከሀ እስከ ፐ ያቅዳል። ስደውልለት ስለ ዋጋ አንድም ቃል አላወራኝም። «ጋሼ መጀመሪያ ልጠይቅዎት» ብሎ ጀመረ፣ አስም ያለበት አለ ወይ፣ የጆሮ ህመም፣ ልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉንም ለሶስታችንም አንድ በአንድ። ሶስተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፣ ልጅ እያለ አስም ነበረበት፣ አሁን ግን ድኗል ብለን ነበር የምናስበው። ልጁ «ድኛለሁ የሚለውን እኔም እሱም አይደለንም የምንወስነው፣ ሐኪም አይቶት ይፈርም» አለ። ባህር ዳር ሐኪም ጋር ሄደ፣ ሐኪሙም ደረትህ አሁንም ንጹህ አይደለም፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አትግባ አለው። ልጁ ያኔ የአንድ ሰው ክፍያ እንደቀረበት ልብ በሉልኝ፣ ሐኪም ጋር የላከውም ራሱ ነው።

ቀኑም ላይ እንዲሁ ነው ያደረገን። እኛ እረፍት ስናገኝ በክረምት ብለን ነበር፣ እሱ አይሆንም አለ፣ በዛን ጊዜ ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ማየት የምንፈልገው ዌል ሻርክም የለም። ዌል ሻርክ የዓለም ትልቁ ዓሳ ነው፣ ግን ሰው አይነካም፣ የሚበላው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን ነው፣ ታጁራ ባህረ ሰላጤ አርታ በሚባለው በኩል ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው በብዛት የሚታየው። እሺ በታህሳስ እንምጣ ስንለው «ትጾማላችሁ?» አለን። የገና ጾም ነው አዎ እንጾማለን አልነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ቆይቶ ባህር ስር መግባት ጥሩ አይደለም፣ ሰውነት ሲደርቅ ለአደጋ ያጋልጣል አለን፣ ወይ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ ወይ ከገና በኋላ ከጥምቀት በፊት ኑ። እንዲሁም ረቡዕና አርብ ውሃ የምንገባበት ቀን እንዳይሆኑ አድርጎ ነው ፕሮግራሙን ያወጣው። ይሄን የሚያስብልህ ሰው የት ታገኛለህ? እኔ በእውነት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለባለቤቴ «ይሄ ልጅ የናቱ ጸሎት ያሳደገው ነው» ነው ያልኳት።

ሁለት ወር ሙሉ ደግሞ ባህር ዳር ሆቴል ዋና ገንዳ ላይ ልምምድ እንድናደርግ አዘዘን። ጣና ላይ አትለማመዱ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ እኛም ሰምተን ችላ የምንለው ነገር ነው። በየሳምንቱ ስንት ዋኛችሁ እያለ በቴሌግራም ይጠይቀናል። የሰርተፍኬት ኮርስ ለሚወስድ 200 ሜትር ዋኝቶ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ የግድ ነው፣ እኛ የያዝነው ግን የመጀመሪያ ሙከራ የሚባለውን ስለነበር ከአስተማሪ ጋር ተይዞ ከ12 ሜትር አይወረድም። ሂሳቡንም በጽሁፍ ዘርዝሮ ነው የላከልን፣ ጀልባ ይሄን ያህል፣ እቃ ኪራይ ይሄን ያህል፣ ምሳ ይሄን ያህል፣ የራሱን ድርሻም ሳይደብቅ፣ አብዛኛውን እዛው ደርሳችሁ ነው የምትከፍሉት ብሎ።

ቅዳሜ አርታ በኩል ወጣን። ዌል ሻርክ በማስክና በቱቦ ብቻ ከላይ እየተዋኘ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ የባለቤቴ ወንድም ሐኪሙን አስፈቅዶ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ገባ። ያ ባህር ስር አትገባም ተብሎ ያኮረፈው ልጅ! ከጀልባው የሚረዝም ዓሳ ጎኑ በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቶ ከስሩ ሲያልፍ አይቶ ወጥቶ ማውራት አቅቶት ነበር። ነጠብጣቡ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። መንካት ክልክል ነው፣ 3 ሜትር ራቁ እያለ ልጃችን ከኋላ ይጮህልናል።

ሰኞ ማስካሊ ሄድን። አስተማሪው ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው፣ ልጃችን ቃል በቃል ይተረጉምልናል፣ አንድ ነገር ሳይገባን ወደ ሌላ አያልፍም። ጆሮ ከማመሙ በፊት አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት፣ በየሜትሩ። ትንፋሽ በፍጹም አለመያዝ። ባለቤቴ 3 ሜትር ላይ ጆሮዋ እምቢ አለ፣ ወደ ላይ ትንሽ አወጧት፣ ጠበቋት፣ እንደገና ሞከሩ፣ ማንም አላጣደፋት፣ በመጨረሻ ገባች። ታች ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ብርሃኑ እስከ አሸዋው ይደርሳል፣ ኮራሉ መካከል ቢጫ ሰማያዊ ዓሳ ፊትህ ላይ መጥቶ ያይሃል። 11 ሜትር ነበር የወረድነው። ስንወጣ ልጁ «ጋሼ የጣና ጥልቁ ቦታ እኮ ከ15 ሜትር አይበልጥም፣ ጣናን ወለሉ ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀረዎትም» አለኝ፣ እንባዬ መጣ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለኛ ለደጋ ሰዎች። ሰኞ ሁለቴ ገብተን ማታውኑ በአውሮፕላን ልንመለስ ነበር ያሰብነው፣ ትኬት ርካሽ አግኝተን። ልጁ ገና ድሮ ስናቅድ ነው አይሆንም ያለው። ባህር ስር ስትተነፍስ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በግፊት ሰውነትህ ውስጥ ይሟሟል፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣህ የአምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚፈላው ደም ውስጥ አረፋ ይሰራል፣ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከአንዴ በላይ ለገባ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ነው የሚመከረው፣ እሱ 24 ሰዓት ሳይሞላ ማንንም አይለቅም። አውሮፕላን አልሳፈርም በመኪና ነው የምመለሰው ብትሉም ያው ነው፣ ባህር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ ነው፣ መውጣት መውጣት ነው። ይሄን ያ የመጀመሪያው አስጎብኚ አንዴም አላነሳልንም፣ እሱን ሰምተን ብንሄድ ምን እንሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ስለዚህ ማክሰኞን ከተማ ውስጥ አረፍን፣ ልጁ ለዚያ ቀን ሳንቲም ሳይጠይቅ የየመን አይነት ዓሳ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ የሚጋገረውን፣ ከትልቅ ቂጣ ጋር አበላን። እሱ ነው የጋበዘን። ረቡዕ ጠዋት ሸኘን።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ። እናትህን ዘጌ ሄደን ጠይቀናታል፣ ቡና አፍልታልናለች፣ ደህና ናት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት እሱን ሳላስፈቅድ ሰው እንዳይደውልበት ብዬ ነው፣ ለከርሞው ህዳርና ታህሳስ የምታስቡ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሺ ብሎኛል እሰጣችኋለሁ። ቀን ባህር ላይ ስለሚሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደውሉለት፣ ስትደውሉ ደግሞ ያለባችሁን ህመም አትደብቁት።