የግራ ክራንክ ፓወር ሜትር፦ ሲዝኑን ሙሉ ነድቼበት የታዘብኩት

ይሄን የሳይክል ፓወር ሜትር ሲዝኑ ሊጀመር ሲል ነው የገዛሁት፣ የመጨረሻዋን ውድድር ከጨረስኩ ደሞ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ስለዚ አሁን ስለሱ ማውራት እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። ካርቶን ከፍቶ በማግስቱ «ምርጥ እቃ ነው፣ አምስት ኮከብ» የሚል ሰው አይመቸኝም፣ ይሄ ነገር ዝናብ ሳይመታው፣ ጭቃ ሳይገባበት፣ ባትሪው አንዴ ሳያልቅ ምን ይባላል? የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ወደ ታች የማማርርበት ነገር ስላለ። ለነገሩ አብዛኛው የምለው በግራ ክራንክ ብቻ የሚለኩትን ሁሉ ይመለከታል።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ፓወር ሜትር ማለት ስትረግጡ የምታወጡትን ጉልበት በዋት የሚነግራችሁ እቃ ነው። ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ ላይ፣ ማለትም ክራንኩ ላይ፣ ስትሬን ጌጅ የምትባል ስስ ነገር ተለጥፋለች፣ ስትረግጡ ብረቱ በዓይን በማይታይ ልክ ይለመጣል፣ እሷ መለመጡን ታነባለች፣ እሱ ደሞ ከምታሽከረክሩበት ፍጥነት ጋር ይባዛል፣ በቃ ዋት ሆነ። በደቂቃ 90 ዙር እየረገጣችሁ 200 ዋት ለማውጣት በአማካይ 21 ኒውተን ሜትር ገደማ ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል፣ ይፈልጋል። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ጀርመናዊው ኢንጂነር ኡልሪሽ ሾበረር ኤስአርኤም የሚባለውን የፓወር ሜትር አምራች ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ ያኔና ከዛም በኋላ ለረጅም ጊዜ የፕሮፌሽናሎች እቃ ነበር፣ አሁን ግን እንደኔ ዓይነቱ 19ኛ ወጥቶ በደስታ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ አለው።

መግጠሙ ቀላል ነው፣ የድሮውን የግራ ክራንክ ፈታችሁ አዲሱን ታስገባላችሁ፣ ብሎኑን በተባለው ልክ ታጠብቃላችሁ፣ መሪው ላይ ያለው የሳይክል ኮምፒውተር ላይ የክራንኩን ርዝመት ትሞላላችሁ፣ የኔ 172.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ደሞ ዜሮ ማድረግ አለ፣ ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ክራንኩን ወደ ታች ማዞር፣ ፔዳሉ ላይ ምንም ሳያርፍ ካሊብሬት መጫን። ይቺን ነገር እንዳትንቋት። እኔ ሳይክሉን ሙቅ ከሆነ ቤት አውጥቼ ወዲያው ዜሮ አድርጌ ወደ ብርዱ እገባ ነበር፣ ስትሬን ጌጅ ደሞ የሙቀት ለውጥ ይነካዋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳልነዳ ቁጥሩ መዋሸት ይጀምራል፣ እኔ ደሞ ወይ ጀግና የሆንኩ ይመስለኛል ወይ ያለቀልኝ። አሁን ሳይክሉን ውጭ አቁሜ ጫማዬን አስራለሁ፣ ውሃዬን እሞላለሁ፣ ሩብ ሰዓት ሲሆነው ነው ዜሮ የማደርገው። ቀላል ነገር ነው ግን መመሪያው ላይ በጣም በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚህ እቃ ትልቁ ጥቅም ውድድር ላይ አይደለም፣ ቀላል ቀን በሚባለው ቀን ነው። የ20 ደቂቃ ቴስት አደረግኩ፣ አማካዩ 242 ዋት መጣ፣ በ0.95 ሲባዛ ኤፍቲፒዬ 230 ገደማ ሆነ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ያህል ልይዘው እችላለሁ ተብሎ የሚገመተው። ክብደቴ 68 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ 3.4 ዋት እንኳን አይሞላም፣ በዚህ አልመጻደቅም። የስፖርት ሳይንቲስቱ አንድሪው ኮጋን ልምምድን በጥንካሬው በሚከፍልበት የዞን አከፋፈል ዞን ሁለት፣ ማለትም የቀላል ቀን ልክ፣ ከኤፍቲፒ 56 እስከ 75 በመቶ ነው፣ የኔ ሲሰላ ከ129 እስከ 172 ዋት። እሺ አልኩ፣ በማግስቱ «ዘና ብዬ» ሁለት ሰዓት ነድቼ መጣሁ፣ ፋይሉን ስከፍተው አማካይ 191! ዳገቷ ላይ ደሞ 260 አልፌያለሁ፣ ያውም እየተጫወትኩ፣ ያውም አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ነው ብዬ። ምን ማለት ነው ይሄ፣ ለሦስት ዓመት ቀላል ቀን ብዬ የነዳሁት በሙሉ ቀላል አልነበረም፣ ለዛ ነው ጠንካራው ቀን ሲመጣ እግሬ እንጨት የሚሆነው፣ እኔ ደሞ እንቅልፍ አነሰኝ፣ ማግኒዚየም አነሰኝ ምናምን እያልኩ ሰበብ ስፈልግ።

ዞን ሁለት በትክክል መንዳት ያሳፍራል፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። ዳገት ላይ በትንሿ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ቅርጫት የጫነ ሳይክል አልፎኝ ሄዷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ መጣ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የምሠራትን አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ ኢንተርቫል ድሮ ሦስተኛው ላይ ነበር ጉልበቴ የሚያልቀው፣ አሁን አራተኛውንም በ235 እጨርሳለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳን ያወጣሁበትን ገንዘብ አልቆጭበትም።

ውድድር ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዋ የሰርኪዩት ውድድር ላይ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አቃተኝ፣ 310 ሲል «ኧረ በዛ» ብዬ ለቀቅ አደርጋለሁ፣ የፊቴ ሰውዬ ጎማ አምስት ሜትር ይርቃል፣ ያንን አምስት ሜትር ለመዝጋት ደሞ 450 ያስከፍለኛል። ነፋስ ምሕረት የለውም እኮ፣ የአየርን መቋቋም ብቻ ካያችሁት ፍጥነትን 10 በመቶ ለመጨመር 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ነው የሚፈልገው፣ ስለዚ ሰው ጀርባ ለመቆየት የምትከፍሉት 310 ከጀርባው ወጥታችሁ ከምትከፍሉት ሁሌም ይረክሳል። አብረን የምንነዳ ታላቃችን አለ፣ ከጨረስን በኋላ መጣና «አንተ ልጅ፣ የምትነዳው ሳይክሉን ነው ወይስ ኮምፒውተሩን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ ወዲህ ውድድር ላይ ስክሪኑን ሰዓትና የቀረው ርቀት ላይ ነው የማደርገው፣ ዋቱ ከኋላ ይመዘገባል፣ እኔ አላየውም። ክሮኖ ሜትር ላይ ብቻ ነው የማየው፣ እዛ ለብቻህ ከሰዓት ጋር ነው የምትሽቀዳደመው፣ የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ላይ በጉጉት እንዳትቃጠል ልጓም ይሆንሃል፣ ለዛ ወደር የለውም።

ከውድድር በኋላ ፋይሉን መክፈት ግን እንደ ንስሐ ነው። የዛች የመጀመሪያ ውድድር አማካዬ 178 ዋት ብቻ ነው፣ ሰው ቢሰማ ሽርሽር ነው ይላል፣ ኖርማላይዝድ ፓወሩ ግን 226። ኖርማላይዝድ የሚባለው የ30 ሰከንድ አማካይ እየወሰደ አራት ጊዜ በራሱ እያባዛ ስለሚሠራ ድንገተኛ ፍንዳታዎቹን በደንብ ይቀጣቸዋል። ሁለቱ እንዲህ ሲራራቁ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን ይዤ ዜሮ እሆናለሁ፣ ስወጣ 550 እረግጣለሁ፣ እንደገና ዜሮ፣ እንደገና 550። ቡድኑ ጅራት ላይ መቀመጥ ማለት ይሄ ነው፣ ቡድኑ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው እዛ ነው። ሌላ ውድድር ላይ ከፊት አስር ውስጥ ሆኜ ያንኑ ኩርባ ስወጣ ከ350 ብዙም አላለፈም፣ ቦታ እንጂ ጉልበት እንዳልነበረ የጎደለኝ ያን ቀን ገባኝ።

እንከኖቹ። አንደኛው ከተፈጥሮው ነው፣ ግራ እግርን ለክቶ በሁለት ያባዛል። ሰው ሁለት እግሩ እኩል አይደለም፣ ግራዬ የጠቅላላው 48 በመቶ ብቻ ቢያወጣ 230 የነበረው 221 ተብሎ ይነበባል። ያም ሁሌ በተመሳሳይ ልክ ቢዋሽ ችግር የለውም፣ ራስህን ከራስህ ጋር ነው የምታወዳድረው። ጉዳቱ የመጣው ሲዝኑ መሃል ላይ ግራ ጉልበቴን ሲያመኝ ነው። ቁጥሬ በ15 ዋት ወረደ፣ አንድ ሳምንት ተጨነቅኩ፣ ፎርሜ ጠፋ ብዬ ልምምድ ጨመርኩ፣ በስተመጨረሻ የዳገቷን ሰዓት ሳይ ያው ነው፣ በሰከንድ እንኳን አልተቀየረም! ለካ ቀኝ እግሬ ዝም ብሎ ተሸክሞኝ ነበር፣ ሜትሩ ግን ቀኝ እግር እንዳለኝም አያውቅ። ማረፍ ሲገባኝ በታመመ ጉልበት ላይ ልምምድ የጨመርኩት እሱን አምኜ ነው፣ የራሴም ጅልነት አለበት አልክድም። አንድ ጎን ጉዳት ያለበት ሰው ይሄን እቃ ባይገዛ ይሻለዋል፣ ወይ ባለ ሁለት ጎኑን ያስብ።

ሁለተኛው የባትሪ ክዳኑ ነው፣ በዚህ ግን አልታገስም። ሲአር2032 ነው የሚበላው፣ የትም የምትገኝ ባትሪ፣ እሱ ደስ ይላል። ክዳኑ ግን ሩብ ዙር የሚዞር ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው ተጣመመች፣ ቀጥሎ በነበረው ዝናባማ ውድድር ላይ አርባኛው ደቂቃ አካባቢ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ፣ 180፣ 900፣ 12፣ ከዛ ሰረዝ ብቻ። ያለ ቁጥር ነድቼ ተአምር ሠራሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ ያው 19ኛ ነው የወጣሁት። ቤት ስገባ ስከፍተው ውሃ ቋጥሮ ተቀምጧል። ለአምራቹ ጻፍኩ፣ ቪዲዮ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ፣ ሌላ ቪዲዮ ላክ አሉኝ፣ አሁን ደሞ ከሌላ አንግል፣ በመጨረሻ አዲስ ክዳን ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። መጣ፣ እሺ፣ ግን ሦስቱም ሳምንት የውድድር ሳምንት ነበር። አሁን ቀለበቷን ትንሽ ግሪስ እቀባታለሁ፣ ዝናብ ካለ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ዙሪያውን እለጥፋለሁ፣ ያምራል ወይ፣ አያምርም፣ ውሃ ግን ድጋሚ አልገባም።

ግዙ ወይስ አትግዙ ለሚለኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለጤናው የሚነዳ ሰው የልብ ምት ቀበቶ ይበቃዋል፣ ከሰው ጋር ብቻ የሚነዳም ቁጥሩን የሚያዳምጥበት ጊዜ የለውም። እንደኔ ሥራ ይዞ በሳምንት ስምንት ሰዓት ብቻ ያለው፣ ብቻውን የሚለማመድ፣ ሁለት እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ከአዲስ ዊል በፊት ይሄን ይግዛ፣ ኮኮብ ካስፈለገ ከአምስቱ ሦስት ተኩል፣ አንድ ተኩሏን የበላው ክዳኑ ነው። እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዞን ሁለት አለኝ፣ ከ172 እንዳልበልጥ ኮምፒውተሩ ላይ ማንቂያ አድርጌያለሁ፣ ዳገቷ ላይ ሊጮህብኝ እንደሆነ ከአሁኑ አውቃለሁ።