ይህን «ሴንሲቲቭ» ፓድ እንዳትገዙ!

ከሱቁ መውጣቴ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የገዛችሁ ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። «ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ በደረሰኝ ከሆነ ግን ቫቱ ይጨመራል» የሚለው ነው።

የፈለግሁት ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ራሴ የሠራሁትን የሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጠር) ድምፅ የሚያስጮህ፣ እንደ ከበሮ የሚመታ ኤሌክትሮኒክ ፓድ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ምቱ ላይ ነው። በጣት ነካ ሲያደርጉት የታፈነ፣ በዱላ ሲመቱት ደመቅ ያለ ድምፅ እንዲወጣ ነው ያዘጋጀሁት። ጠንካራውና ለስላሳው ምት ካልተለየ ችክችካ የስፌት መኪና ይሆናል።

አዲስ ጥበብ እኮ አይደለም። በፓዱ ጎማ ሥር ፒዬዞ የሚባል ስስ ዲስክ ይለጠፋል። ሲመታ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ምቱ ሲበረታ ቮልቴጁም ይጨምራል። ቺፑ ይህን ለክቶ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር በሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር በሚግባቡበት ቋንቋ፣ ይልከዋል። ሚዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ነገር ነው!

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ ሲመታው አምሮ ነበር። ቀስ ሲል ዝግ፣ ጠንከር ሲል ጩኸት። «አየሽ? ሴንሲቲቭ ነው። ለወንድምሽ ነው?» አለኝ። የሚመታው በቀኝ እጁ ብቻ ነበር።

ቤት ወስጄ ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው ግን ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ምት 100 ይላል። በጣት 100፣ በቡጢም 100። ከፈትኩት። ፒዬዞ የሚባል የለም። ሪሞት ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ጥቁር ካርቦን ብቻ። ተነካ ወይም አልተነካ፣ ሌላ አያውቅም።

ዛሬ ላፕቶፔን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ምንም ሳያፍር ያንኑ ትርኢት ጀመረ። አሁን ግን በግራው በኩል ቆሜ ስለነበር ግራ እጁን አየሁት። ከጠረጴዛው ሥር የስፒከሩ ቮልዩም ላይ ነው! ቀስ ሲመታ ይቀንሳል፣ ሲያጠነክር ይጨምራል። አንዲት ምት እንኳ አልሳተም፤ እውነቱን ለመናገር ባንድ ውስጥ ቢገባ ይዋጣለት ነበር። «እጅህን አንሳ» ስለው ፈገግ አለ።

የሱቁ ባለቤት መጣ። «ድምፅ ያወጣል ወይስ አያወጣም?» ስክሪኑ ላይ የተደረደረውን 100፣ 100፣ 100 ሳሳየው ዞር ብሎም አላየው። ይልቅ ፓዱን ገልብጦ ብሎኖቹን አየና «ተከፍቷል። የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ከዚያ እኔ እንድሰማ ለልጁ «ከበሮ ከፈለገች ሽሮ ሜዳ ትሂድ!» ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀብኝ። 38 ሺህ ብሬ እነሱ ኪስ ውስጥ ሆኖ!

ስትገዙ ራሳችሁ ምቱት። ሚዲ የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ካልተቀያየረ ጥላችሁ ውጡ። ልጁ የግድ ላሳያችሁ ካለ ደግሞ ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛው ላይ ያድርግ።