የጎልደን ናይትስ ትኬት ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ጎልደን ናይትስ የላስ ቬጋሳችን የበረዶ ሆኪ ክለብ ነው። ባጭሩ ያወጣል። ግን የትኛውም ወንበር፣ የትኛውም ጨዋታ አይደለም። ደግሞ በ2017–18 የሆነውን ሳታውቁ ከገባችሁ ግማሹ ነገር ያልፋችኋል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ይህን የምጽፈው ለሐበሻ ነው። ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ የሚያድለው፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው ወገን ብዙ ነው። ብዙዎቻችን ግን ደንበኛ አሬናው በር ላይ አውርደን እንመለሳለን እንጂ ወደ ውስጥ አንገባም። ለምን ስትሉ፣ «ሆኪ የፈረንጅ ነው፣ አይገባንም» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ እዚህ ያለው ሆኪ ለማይገባው ሰው የተሠራ ነው ባይ ነኝ። ከተማው ራሱ እኮ መች ይገባው ነበር! በረሃ መሃል ነው ያለነው።

ቡድኑ የሚጫወትበት ቲ-ሞባይል አሬና ስትሪፑ ላይ፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና ላይ፣ ከኒውዮርክ-ኒውዮርክ ሆቴል ጀርባ ነው። በ2016 ተከፈተ፤ ለሆኪ ወደ 17,500 ሰው ይይዛል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል መብራቱ ይጠፋል። ጥሩር የለበሰ ጦረኛ ሰይፍ ይዞ በረዶው ላይ ይወጣና የተጋጣሚውን ወኪል ይገጥማል። ከበሮ ይመታል፣ ብርሃን ይርመሰመሳል፣ ሕዝቡ ያብዳል። አዲስ አበባ ስታዲየም ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ የልጆች ነገር ይመስላል። ቡድኑ ተሸናፊ ቢሆን ኖሮ በእርግጥም ሰርከስ ነበር የሚሆነው። ሰርከስ ያልሆነበት ምክንያት ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ክለቡ ከባዶ የተፈጠረ ነው። ቢል ፎሊ የሚባል ባለሀብት ለሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (NHL) 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በ2016 ፈቃዱን አገኘ። እዚህ አገር እንደ እንግሊዝ ከታችኛው ሊግ አድጎ መግባት የለም፤ ከፍለህ ነው የምትገባው። ተጫዋችስ? ጁን 2017 ላይ በሊጉ ካሉት 30 ክለቦች ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው እንዲወስድ ተፈቀደለት። ክለቦቹ ግን ዋና ዋናዎቹን አስቀድመው «እነዚህን አትነካም» ብለው ማስቀመጥ ይችላሉ። ስለዚህ የደረሰው ትርፍራፊ ነው።

ትርፍራፊው እነማን ነበሩ? ዊሊያም ካርልሰን ከኮለምበስ ሲመጣ በቀደመው ዓመት ያገባው 6 ጎል ብቻ ነበር። ቬጋስ ላይ 43 አገባ። ጆናታን ማርሸሶ ፍሎሪዳ ውስጥ በዓመቱ 30 ጎል አግብቶ ክለቡ እንዳይወሰድ አላስቀረውም፤ ራይሊ ስሚዝንም አብሮ ለቀቀው። ሦስቱ አንድ ላይ ተሰለፉና ሊጉን አስጨነቁት። በረኛው ማርክ-አንድሬ ፍለሪ ከፒትስበርግ ጋር 3 ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው፣ ወጣት በረኛ ሲመጣ ቦታ አጣ።

አሰልጣኙ ጀራርድ ጋላንትም ፍሎሪዳ ያባረረው ነው። ኖቬምበር 2016 ላይ ከሜዳቸው ውጭ ተሸንፈው ወዲያው አሰናበቱት። ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ሲሳፈር የተነሣው ፎቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። እኛ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ያንን ፊት እናውቀዋለን። በዚያው ቀን ከሥራ ተባሮ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ያለ ሰው ስንቱን ጭነናል።

እና ይህን ቡድን ማን ይገምተው? ለዋንጫ 500 ለ 1 የሚሰጡ ቁማር ቤቶች ነበሩ። 100 ዶላር ያስያዘ 50 ሺህ ይወስዳል ማለት ነው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ከዚያ ኦክቶበር 1 መጣ። ስትሪፑ ላይ የሙዚቃ ድግስ እየተካሄደ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ተኩሶ 58 ሰው ገደለ። በኋላ በጉዳታቸው ሳቢያ ያረፉ ሁለት ሰዎች ተጨምረው ቁጥሩ 60 ሆነ። በዘጠነኛው ቀን፣ ኦክቶበር 10፣ ክለቡ የመጀመሪያውን የሜዳ ጨዋታ ሊያደርግ ወጣ። በበረዶው ዙሪያ ያለው ማስታወቂያ በሙሉ ተነሥቷል። ተጫዋቾቹ ሲጠሩ አብረዋቸው የወጡት ያን ሌሊት የደረሱት ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። 58 ሰከንድ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ተከላካዩ ዴሪክ ኤንግላንድ ማይክ ያዘ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ በትንሽ ሊግ የተጫወተ፣ እዚሁ አግብቶ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ከተማው እንዲድን የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን ብሎ ተናገረ። ጨዋታው ተጀምሮ 3 ደቂቃ ሳይሞላ ጎል። ሁለተኛውን ማን ቢያገባ ጥሩ ነው? ራሱ ኤንግላንድ፣ ጎል ብዙም የማያውቀው ተከላካይ! በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ 4 ጎል ገባ፣ አሪዞና 5 ለ 2 ተሸኘ።

ስለዚህ ስትገቡ ቀና በሉና ከጣሪያው 58 ቁጥርን ፈልጉ። ያን ቁጥር ማንም የክለቡ ተጫዋች አይለብሰውም። ማርች 2018 ላይ ለሟቾቹ መታሰቢያ ነው የተሰቀለው። አጠገባችሁ ያሉት ሽማግሌ እንባቸው ቢመጣ አትገረሙ፤ ይህ ሕዝብ ከቡድኑ ጋር የተዋወቀው በለቅሶ ቤት ነው።

ዓመቱ እንዴት አለቀ? በረኞቹ በየተራ እየተጎዱ 5 በረኛ ተጠቅሞ እንኳ 51 ጨዋታ አሸነፈ፣ 109 ነጥብ ይዞ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ዋሽንግተን ካፒታልስ በ1974–75 አዲስ ክለብ ሆኖ ሲገባ ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ነበር። አዲስ ክለብ ሲባል ወጉ ያ ነው።

ፕሌይኦፉ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ፣ ደግሞ ለእኛ የተመቸ ነበር። ፋሲካ ኤፕሪል 8 ዋለ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ኤፕሪል 11። ጾም ተፈቷል፣ ዶሮው ገና አላለቀም። ሎስ አንጀለስ ኪንግስን 1 ለ 0፣ ከዚያም አራቱንም ጨዋታ አሸነፍን፤ በአራቱ በጠቅላላ የገባብን 3 ጎል። ፍለሪ ግድግዳ ነበር። ቀጥሎ ሳን ሆዜ፣ ቀጥሎ ዊኒፔግ።

ፋይናሉ ከማን ጋር ሆነ? ከዚያው ከዋሽንግተን ካፒታልስ ጋር። ሁለት የሐበሻ ከተማ! ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶች ስለ ሆኪ ለመሳደብ ሲደውሉ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ አርሴናል ነበር የምንሰዳደበው። የመጀመሪያውን ጨዋታ 6 ለ 4 አሸንፈን አራቱን በተከታታይ ተሸነፍን። ጁን 7 ላይ እዚሁ ሜዳችን 4 ለ 3 ተሸንፈን የዋሽንግተኑ አምበል ኦቬችኪን ዋንጫውን አንሥቶ ጮኸ። በጣም የሚያስቆጨው ምን መሰላችሁ፤ የቬጋስን ቡድን የገነባው ሥራ አስኪያጅ ጆርጅ ማክፊ፣ በ2004 ኦቬችኪንን ለዋሽንግተን የመረጠው እሱው ነው።

ፎሊ ሲጀምር በሦስት ዓመት ፕሌይኦፍ፣ በስድስት ዓመት ዋንጫ ብሎ ነበር፣ ሰዉ ሳቀበት። በስድስተኛው ዓመት፣ በ2023፣ በመጨረሻው ጨዋታ 9 ለ 3 ቀጥቅጦ ዋንጫውን ወሰደ። ማንን? ፍሎሪዳን። የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ማን ሆነ? ማርሸሶ። ፍሎሪዳ ያን ቀን ምን እንደተሰማው እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ ልምጣ።

መስታወቱ አጠገብ ያለው ወንበር ውድ ነው፣ ለፎቶ ግን የሚያህለው የለም። ሁለት ተጫዋቾች ሲላተሙ መስታወቱ ይነቃነቃል፣ ድምፁ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል፣ የጫማው ስለት በረዶውን ሲፈጨው ብናኙ ፊታችሁ ፊት ይበተናል። ጨዋታ ግን አታዩም። ፓኳ ስምንት ሳንቲሜትር የማትሞላ ጥቁር የጎማ ቁራጭ ናት፤ ወዲያኛው ጫፍ ስትሄድ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ለጀማሪ የላይኛው ፎቅ ይሻላል፣ ከበረዶው መሃል ትይዩ ያለው። ርካሽም ነው፣ አሰላለፉም ይታያል። ፓኳን አትከተሉ፣ ሰዎቹን ተከተሉ፤ እሷ የት እንዳለች እነሱ ይነግሯችኋል።

ሕጉን ለማወቅ አትጨነቁ። በረኛውን ጨምሮ 6 ለ 6 ነው፣ 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ። ተጫዋቾቹ ጨዋታው ሳይቆም በየ45 ሰከንዱ ገደማ አጥሩን እየዘለሉ ይቀያየራሉ፤ ይህን ብቻ ማየት ራሱ ትኬት ያስቆርጣል። ጥፋት የሠራ ሰው 2 ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ቡድኑ አንድ ሰው ይጎድልበታል። ያኔ ሽንት ቤት እንዳትሄዱ። ለሱ ሁለት ረጃጅም እረፍት አለ።

ዋጋው እንደ ቀኑ ነው። በሥራ ቀን፣ ስም ከሌለው ቡድን ጋር፣ በኖቬምበር ወይም በጃንዋሪ ግዙ። ቅዳሜ ማታ ቱሪስቱ ያስወድደዋል፣ ፕሌይኦፍማ አይቀመስም። ትኬት ስትገዙ የመጨረሻውን ገጽ ሳታዩ ካርድ እንዳታስገቡ። አንድ የትኬት አፕ፣ ስሙ ይቅር፣ መጀመሪያ ያሳየኝ ዋጋና መጨረሻ ላይ የቆረጠብኝ ጨርሶ አይተዋወቁም፤ የአገልግሎት፣ የምንትስ እያለ ደራረበው። ጠጋ ያለ ፓርኪንግም የጨዋታ ቀን ሌላ ዋጋ አለው። ራቅ አድርጋችሁ አቁማችሁ በእግር ኑ፣ ወይም ወገን ጥሩና ያድርሳችሁ።

ምግቡን በተመለከተ በልታችሁ ግቡ። የሆኪ ወቅት ከኦክቶበር እስከ ጁን ስለሆነ የገና ጾምም ሁዳዴም ውስጡ ነው። ለጾመኛ ያለው ድንች ጥብስና ፈንዲሻ ነው፣ ፈንዲሻውም ቅቤ የለውም ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ይልቅ አንድ በየዓይነቱ ጥርግ አድርጎ መሄድ ነው። ጃኬት ያዙ፤ ቬጋስ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትመጡ። ድምፁ ደግሞ ከልክ በላይ ነው፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ሙዚቃ፣ ማስታወቂያ፣ ጩኸት፤ ሁለት ሰው ቁም ነገር ማውራት አይችልም። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ጆሮው ላይ የሚደረግ ነገር አትርሱ። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ፤ ከ5 4።

ገንዘብ ለማውጣት ካልፈለጋችሁ ሙሉ 5 የምሰጠው ሌላ ነገር አለ። ቡድኑ የሚለማመደው ሰመርሊን የሚባለው ሰፈር፣ ሲቲ ናሽናል አሬና ነው፣ ልምምዱም አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ! ፕሮግራሙን የክለቡ ገጽ ላይ አይታችሁ ጠዋት ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚቃ የለም፣ ሰይፍ የለም። የምትሰሙት የጫማውን ስለት፣ የፓኳን ጡዋ ማለትና የአሰልጣኙን ፊሽካ ነው። ተጫዋቾቹ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ የገባኝ እዚያ ነው እንጂ አሬናው ውስጥ አይደለም።

ብቻ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የእኔ ልጅ ከዚያ ሲመለስ ሆኪ ካልተጫወትኩ አለ። ሱቅ ሄደን ጫማውን፣ ባርኔጣውን፣ ጓንቱን፣ የጉልበት መከላከያውን፣ ዱላውን ደምረን የመጣውን ሒሳብ አየሁና የእግር ኳስ ገዝቼለት ወጣን።