ሃሎጂን ወይስ ኤልኢዲ? የአዳራሽ የመድረክ መብራት ለሚቀይሩ ትምህርት ቤቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የመድረክ መብራቱን ለመቀየር ፕሮፎርማ ሲሰበስብ፣ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የአንዱ መብራት ዋጋ ነው። ምርጫውን ሊወስኑ የሚገባቸው ግን መብራቱ በዓመት የሚበራበት ሰዓትና የአዳራሹ መስመር የሚሸከመው አምፔር ናቸው።

ስምንት ባለ 1000 ዋት የሃሎጂን ፓር መብራቶች (ብርሃኑን በአንጸባራቂ ሰብስበው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልኩ የመድረክ መብራቶች) ያሉበትን መድረክ እንውሰድ። ሁሉም በሙሉ ኃይል ሲበሩ 8 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 36 አምፔር ይጠጋል። እያንዳንዳቸው 180 ዋት የሚወስዱ ስምንት የኤልኢዲ ፓሮች ግን በድምሩ 1.44 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 7 አምፔር ይበቃቸዋል። ብሬከር እየወረደ ትርዒት በሚቋረጥበት አዳራሽ ከዚህ የሚበልጥ መከራከሪያ የለም። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ቢሠራም፣ ከቆጣሪው እስከ መድረኩ የተዘረጋውን ቀጭን ገመድ አያወፍረውም። መብራት በጠፋበት ምሽትም 3 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ጀነሬተር ኤልኢዲዎቹን ከመጠነኛ የድምፅ ማጉያ ጋር ሲያንቀሳቅስ፣ ከሃሎጂኖቹ ሦስቱን ብቻ ያበራል።

የኤሌክትሪክ ክፍያው ቁጠባ ግን ብዙ ጊዜ ከሚነገረው ያነሰ ነው። መብራቶቹ በዓመት 150 ሰዓት ቢበሩ ሃሎጂኑ 1200፣ ኤልኢዲው 216 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። የ984ቱን ልዩነት ትምህርት ቤቱ በሚከፍልበት ታሪፍ አባዝቶ ከመብራቱ ዋጋ ጋር ማስተያየት ይገባል፤ ሻጩ «በቆጣሪ ቁጠባ ብቻ ዋጋውን ይመልሳል» ካለም ስሌቱን በጽሑፍ ቢያቀርብ መልካም ነው። በእኔ ግምት የሚከብደው ወጪ አምፖሉ ነው። ባለ 1000 ዋት የፓር አምፖል ዕድሜው በአብዛኛው 300 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ አጠቃቀም ስምንቱም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራሉ፤ ቮልቴጁ በ5 በመቶ ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ ይህ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ለኤልኢዲ የሚጻፈው ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዓት የብርሃን ሰጪው ቺፕ ዕድሜ ነው። ቀድመው የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ ፓወር ሳፕላዩ (ለቺፑ የሚስማማ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) እና ማራገቢያው ናቸው፤ በተለይ በበጋ አቧራ ማራገቢያው ቶሎ ይታፈናል። ስለዚህ መለዋወጫ የማይገኝለትን ርካሽ መብራት ከመግዛት፣ ቁጥሩ አንሶ ጥገና የሚገኝለትን መግዛት ይሻላል።

ሃሎጂን አሁንም የሚበልጥበት ቦታ የሰው ፊት ነው። የቀለም ትክክለኛነቱ (በካታሎግ CRI ተብሎ የሚጻፈው፣ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) ከ100 ወደ 100 የሚጠጋ ሲሆን፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ቀላቅሎ ነጭ የሚሠራ ኤልኢዲ ግን የጠይም ፊትን ገጽታ ያደበዝዛል፤ ከተዋናዩ ኋላም ባለብዙ ቀለም ጥላ ይጥላል። ከመግዛት በፊት ባለጥበብ ነጠላና የእስክስታው ቡድን የሚለብሰውን አረንጓዴ ቁምጣ ይዞ ሄዶ ብርሃኑን ማብራት ከማንኛውም ካታሎግ ይበልጣል፤ ነጠላው ወደ ሐምራዊ ካደላ መብራቱ ለፊት ብርሃን አይሆንም። ለፊት የሚገዛው የብርሃኑ ቀለም መለኪያ 3200 ኬልቪን አካባቢ የሆነ፣ የቀለም ትክክለኛነቱ ከ90 በላይ የሆነ ሞቃት ነጭ ኤልኢዲ ነው። ለጎንና ለኋላ ቀለም ግን ኤልኢዲው ያለ ጥርጥር ይመረጣል፤ በሃሎጂን ፊት የሚደረገው ጥቁር ሰማያዊ ፕላስቲክ አብዛኛውን ብርሃን ያስቀራል፣ በሙቀቱም ቀለሙ ይለቃል።

በአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ አምፖሉን ብቻ በኤልኢዲ መተካት ርካሽ ቢመስልም፣ ብዙዎቹ በነባሩ ዲመር (ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ) ላይ ይርገበገባሉ፤ ስለዚህ አልመክረውም። ሙሉው የኤልኢዲ መብራትም ቢሆን በዲመር በኩል ኃይል አይሰጠውም፤ ቀጥታ ኃይልና የዲኤምኤክስ መስመር (ከመቆጣጠሪያው ወደ መብራቶቹ ትእዛዝ የሚያደርስ ገመድ) ይፈልጋል። አንድ የዲኤምኤክስ መስመር 512 ቻናል (ለየብቻ የሚታዘዝ የትእዛዝ መንገድ) አለው፤ ባለ 8 ቻናል ስምንት መብራቶች 64ቱን ብቻ ስለሚይዙ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ይበቃል። የሚኒ ሚዲያው የማይክ ገመድ ግን ለዚህ የተሠራ አይደለም፤ ትክክለኛው 110 ኦም ገደማ ሲሆን፣ በመስመሩ መጨረሻም ምልክቱ ተመልሶ እንዳይረብሽ 120 ኦም ማቆሚያ (ሬዚስተር) ይደረግበታል።

አዳራሹ በዓመት ለወላጆች ቀንና ለምረቃ ብቻ የሚከፈት ከሆነና መስመሩ ጤናማ ከሆነ፣ ሃሎጂኑን አቆይቶ ገንዘቡን ለማንጠልጠያ ሰንሰለትና ለገመድ ማዋል ይቻላል። የኪነ ጥበብ ክበቡ በየሳምንቱ የሚለማመድበት አዳራሽ ግን አራት ሞቃት ነጭ የፊት መብራቶችን በዘንድሮው በጀት፣ ባለቀለሞቹን በከርሞው ቢገዛ ይበጀዋል። ዕቃው ሲደርስም ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ከመቁረጡ በፊት ሁሉንም በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ማብራት፣ አዳራሹን ጸጥ አሰኝቶም የማራገቢያዎቹን ድምፅ ከኋላ ወንበር ሆኖ ማዳመጥ ያስፈልጋል።